ከቃሉ በፊት ግሱ

ሁለት ወንድማማቾች ታክሲ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ታላቁ ቻርሊ የወደብ ሠራተኞችን ማኅበር የተቆጣጠሩት ወንበዴዎች ቀኝ እጅ ነው። ታናሹ ቴሪ የቀድሞ ቦክሰኛ ሲሆን በነዚሁ ሰዎች ላይ ልመስክር ወይስ ልተው እያለ የሚያመነታ ነው። ቻርሊ ወንድሙን በቃል ማሳመን ሲያቅተው ሽጉጥ መዘዘበት። እ.ኤ.አ. በ1954 ለእይታ በበቃው «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» ፊልም ቴሪን ሆኖ የሚጫወተው ማርሎን ብራንዶ በዚህች ቅጽበት አልጮኸም፤ ለትግልም አልተነሣም። አፈሙዙን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ገፋ አደረገውና ወንድሙን በሐዘኔታ ተመለከተው። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ የሚመነጨው ከዚያች የእጅ ንክኪ ነው። ዳይሬክተሩ ኤልያ ካዛን ለትዕይንቱ ምስጋናው የሚገባው ለተዋናዮቹ እንጂ ለእሱ እንዳልሆነ ከጊዜ በኋላ በግልጽ ተናግሯል።

ስለዚያ ትዕይንት የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው የብራንዶን ስሜት ነው። ስሜቱ መኖሩ አይካድም። ትዕይንቱን ደጋግሞ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። ቴሪ ወንድሙን አንድ በአንድ የሆነ ነገር እያደረገው ነው፤ ሽጉጡን ሲገፋ ይገሥጸዋል፣ ያለፈውን ሲያነሣበት ያሳፍረዋል፣ በመጨረሻም ይምረዋል። ሦስቱም ከተናጋሪው ወጥተው ሌላው ሰው ላይ የሚያርፉ ድርጊቶች ናቸው። ቻርሊን የሚጫወተው ሮድ ስታይገር ፊቱ ላይ የሚታየው ለውጥ የመጣው እነዚያ ድርጊቶች ስላረፉበት ነው።

በአማርኛ ቲያትርና በቴሌቪዥን ድራማ ልምምድ ላይ ደጋግሞ የሚሰማ ትእዛዝ አለ። «ስሜት ስጠው»፣ «ከውስጥሽ አውጪው»፣ «ትንሽ ጨምርበት»። አዘጋጁ ይህን የሚለው በክፋት አይደለም፤ የጎደለ ነገር እንዳለ ጆሮው ነግሮታል። ትእዛዙ ግን ተዋናዩን ሊሠራው ወደማይችለው ሥራ ይልከዋል። በትእዛዝ የሚያዝን ሰው የለም። ሲታዘዝ የሚችለው የሐዘንን ምልክት ማሳየት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ቃሉን ይጎትታል። ተመልካቹም ያያል፣ ግን አያምንም። በዚህ ጽሑፍ እምነት አዘጋጁ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ቃል ሰውየውን ምን ታደርገዋለህ?

ነገሩን በአንድ አጭር ትዕይንት መፈተን ይቻላል። ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ አድሮ ጎህ ሲቀድ ግቢው ገባ። አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጽሑፈ ተውኔቱ ላይ ያለው የአባት ቃል «ደህና አደርክ?» የሚል ብቻ ነው። አዘጋጁ «ተቆጣ» ካለው ተዋናዩ ድምፁን ያወፍራል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። አባት ልጃቸውን ሊያሳፍሩት ፈልገው ከሆነ ግን ቃሉ ለእንግዳ እንደሚሰጥ ሰላምታ ረጋ ብሎ፣ በአክብሮት ይወጣል፤ ዓይናቸውም ጭቃ የነካው ጫማው ላይ ይውላል። ሊፈትኑት ከሆነ ዓይን ዓይኑን ያዩታል፣ መልሱንም ይጠብቃሉ፤ ያቺ የዝምታ ጊዜ «እዚህ ላይ ቆም በል» የሚል ሳያስፈልግ ራሷ ትወለዳለች። ሊምሩት ከሆነ ምናልባት ቃሉን ሲሉ ተነሥተው በሩን እየከፈቱለት ይሆናል። ቃሉ አንድ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ቤት ውስጥ የሆነው ነገር ግን ሦስት የተለያየ ታሪክ ነው፤ ልጁን የሚጫወተው ተዋናይም ለሦስቱ ሦስት የተለያየ መልስ ይኖረዋል።

ከዚህ ምሳሌ የሚታየው ልዩነት በግሶቹ ውስጥ ነው። አዘነ፣ ተናደደ፣ ተከፋ የሚሉት ተናጋሪው ላይ ጀምረው ተናጋሪው ላይ ይቀራሉ። አባበለ፣ ሸነገለ፣ ገሠጸ፣ ጎነተለ፣ አግባባ፣ አስፈራራ፣ አዋረደ፣ አጽናና፣ ተማጸነ የሚሉት ግን ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ተዋናይ ሊጫወታቸው የሚችላቸው ሁለተኞቹን ነው፤ ምክንያቱም መሳካት አለመሳካታቸውን ከባልደረባው ፊት ላይ ማንበብ ይችላል። አባብዬዋለሁ ወይስ ገና ነኝ? ይህን የሚጠይቅ ተዋናይ እንዴት እየታየ እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ የለውም።

ይህን ሐሳብ በሥርዓት ያነጸው ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ሞስኮ ውስጥ ከሀብታም ባለፋብሪካ ቤተሰብ ተወለደ። በ1897 ከጸሐፌ ተውኔቱ ቭላድሚር ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር በአንድ የሞስኮ ምግብ ቤት ተገናኝተው 18 ሰዓት ያህል ተነጋገሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሞስኮ አርት ቲያትር ተከፈተ። የአንቶን ቼኾቭ «ሲጋል» ቀደም ሲል ፒተርስበርግ ላይ ወድቆ የነበረ ተውኔት ሲሆን እዚህ መድረክ ላይ ሕይወት ዘራ። ስታኒስላቭስኪም በአዘጋጅነትም በተዋናይነትም ስሙ ገነነ።

ችግሩ የመጣው ከዝናው በኋላ ነው። በ1906 ለዕረፍት ፊንላንድ ሳለ ከባሕሩ ዳር ተቀምጦ የራሱን ሥራ ይመረምር ጀመር። ከሚጫወታቸው ሁሉ የሚወደው የኢብሰንን ዶክተር ስቶክማን ነበር፤ ሚናውን ሲፈጥረው ከሚያውቃቸው ሰዎች ትዝታ በሕይወት የተሞላ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን የቀረው ቅርፊቱ ብቻ ሆኖ አገኘው። የጣቶቹ አያያዝ፣ የእርምጃው ፍጥነት፣ የቁጣው ድምፅ ሁሉም በቦታቸው አሉ፤ የወለዳቸው ነገር ግን የለም። ያኔ ይዞት የተነሣው ጥያቄ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አልለቀቀውም። ስሜት ሲጠሩት የማይመጣ ከሆነ ተዋናይ በየምሽቱ፣ በተቀጠረ ሰዓት፣ መጋረጃው ሲከፈት በእርግጠኝነት ሊይዘው የሚችለው ነገር ምንድን ነው?

መልሱን የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1936 በእንግሊዝኛ በታተመው የትወና መጽሐፉ ውስጥ ያለ አንድ ታሪክ ነው። ማሪያ የምትባል ተማሪ አንድ ጨዋታ ይሰጣታል። ድሃ ናት፤ ለትምህርቷ የምትከፍለው የላትም፤ ጓደኛዋ ዋጋ ያለው የጌጥ መርፌ ሰጥታት መጋረጃው እጥፋት ላይ ሰክታላታለች፤ ሄዳ ታግኘው። ማሪያ ወደ መድረኩ ሮጠች፤ ጭንቅላቷን ያዘች፣ እጇን አፋተገች፣ መጋረጃውን እየገለጠች ተወራጨች። ስትወርድ ደስ ብሏታል፤ ጥሩ የተጫወተች መስሏታል። መምህሩ መርፌው የታለ ሲላት ግን ደነገጠች፤ ጨርሶ ረስታዋለች። አሁን እንደገና ውጪ፣ መርፌውን ካላገኘሽ ከትምህርት ቤቱ ትባረሪያለሽ አላት። በዚህ ጊዜ መጋረጃውን እጥፍ በእጥፍ፣ ዝግ ብላ፣ ዓይኗን ሳትነቅል መረመረች። ጭንቀቷም ያኔ መጣ፤ ማንም ሳያዘው። ስታኒስላቭስኪ ተማሪዎቹ እንዲያዩለት የፈለገው ልዩነት ይህ ነው። በመጀመሪያው ማሪያ ጭንቀትን ፈለገች፤ በሁለተኛው መርፌውን።

በእርጅናው ዘመን ይህን ሐሳብ የበለጠ አጠበበው። ቫሲሊ ቶፖርኮቭ የተባለው ተዋናይ ስለ ልምምዶቹ የጻፈው መጽሐፍ በትወና ጉዳይ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ ጠቃሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቶፖርኮቭ በ1932 ለመድረክ በበቃው የጎጎል «የሞቱ ነፍሳት» ቺቺኮቭን ይጫወት ነበር። ቺቺኮቭ ከባለርስቶች የሞቱ ገባሮችን ስም እየገዛ የሚዞር አጭበርባሪ ነው። ስታኒስላቭስኪ ለተዋናዩ ስለ ገጸ ባሕርይው ነፍስ ትምህርት አልሰጠውም፤ መገበያየት ትችላለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። በርካሽ መግዛት፣ በውድ መሸጥ፣ የሻጩን ፊት እያዩ ዋጋ መገመት፣ የፈለጉትን ዕቃ እንዳልፈለጉ መምሰል። መርካቶ ውስጥ ከነጋዴ ጋር የተከራከረ ሰው ጥያቄው ለምን ከሁሉ እንደቀደመ ወዲያው ይገባዋል፤ እዚያ «ለአንተ ስለሆነ ነው» የሚለው ቃል መግለጫ ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ እጅ ነው፣ ገዢውን ክንዱን ይዞ የሚያስቀር። ቺቺኮቭም ከእያንዳንዱ ባለርስት ጋር ሲነጋገር አንዱን ያሞግሳል፣ ሌላውን ያስፈራራል፣ ሌላዋን ያደናግራል። ቶፖርኮቭ የሚጫወተው ነገር አገኘ።

ስታኒስላቭስኪ በ1938 ሲሞት ከቶፖርኮቭና ከባልደረቦቹ ጋር የሞልየርን «ታርቱፍ» በዚሁ መንገድ እያለማመደ ነበር። ተማሪዎቹ ሥራውን ፈጽመው በሚቀጥለው ዓመት መድረክ ላይ አወጡት።

ትምህርቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ግን በተጣመመ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ኒው ዮርክ ላይ ግሩፕ ቲያትርን ካቋቋሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሊ ስትራስበርግ ከስታኒስላቭስኪ ቀደምት ሥራዎች አንዱን ክር መዞ የሁሉ ነገር መሠረት አደረገው። ክሩ የግል ትዝታ ነው፤ ተዋናይ በመድረክ ላይ ለማልቀስ የሞተበትን ዘመድ ያስታውስ ማለት ነው። የቡድኑን ተዋናይ ስቴላ አድለርን ይህ ሥራዋን አስጠላት። በ1934 ፓሪስ ሄዳ ስታኒስላቭስኪን በአካል አገኘችውና ለሳምንታት አብራው ሠራች። ስትመለስ ለቡድኑ ያመጣችው ዜና ቡድኑን ለሁለት ከፈለው፤ መምህሩ ራሱ ክብደቱን ከግል ትዝታ አንሥቶ ገጸ ባሕርይው ባለበት ሁኔታና በሚፈጽመው ድርጊት ላይ አድርጎታል። ስትራስበርግ አልተቀበለም። ሁለቱ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልታረቁም፤ ብራንዶ ግን የአድለር ተማሪ ነበር።

ካዛንም ከዚሁ ከግሩፕ ቲያትር የወጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የቴነሲ ዊልያምስን «ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር» ሲያዘጋጅ በማስታወሻው ላይ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ አከርካሪ የሚሆን ድርጊት ጻፈ። ብላንሽ ጥበቃ ትፈልጋለች። እህቷ ስቴላ ባሏን ላለማጣት አጥብቃ ትይዛለች። ስታንሊ ቤቱ እሱ በሚፈልገው መንገድ እንዲቆይ ይታገላል። ሚች ከእናቱ መላቀቅ ይሻል። አራቱም ግሶች ናቸው፤ አራቱ አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ጠቡ ያለ አዘጋጁ እርዳታ ይነሣል።

ነገሩን እስከ መጨረሻው ጫፍ የወሰደው ለንደን ነው። ከ1979 እስከ 1993 ሮያል ኮርት ቲያትርን በኪነ ጥበብ ዳይሬክተርነት የመራው ማክስ ስታፎርድ ክላርክ ልምምዱን የሚጀምረው ተዋናዮቹን ጠረጴዛ ዙሪያ በማስቀመጥ ነው። ማንም አይነሣም፤ ማንም አይተውንም። እያንዳንዱን ሐረግ እያነሡ ተናጋሪው በሚሰማው ሰው ላይ የሚያደርገውን በአንድ ግስ ይሰይማሉ፤ ግሱን እርሳስ ይዘው ከቃሉ ጎን ይጽፋሉ። ከዚያ ተዋናዩ መጀመሪያ ድርጊቱን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ለምሳሌ «ፕሉም ሲልቪያን ያሞግሳታል» ይልና ቃሉን ያስከትላል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ቀናትን ይበላል። በ1989 ባሳተመው መጽሐፉ ፕሉምና ሲልቪያ የሚገኙበትን የጆርጅ ፋርኳርን የ1706 ኮሜዲ «ዘ ሪክሩቲንግ ኦፊሰር»ን እንዴት እንዳለማመደ ለሟቹ ደራሲ በተላኩ ደብዳቤዎች መልክ ይተርካል፤ አንባቢው ተዋናዮች በአንዲት ግስ ላይ ምን ያህል ሊከራከሩ እንደሚችሉ ያያል። በ2004 ደግሞ ማሪና ካልዳሮኔና ማጊ ሎይድ ዊልያምስ ለተዋናዮች እንዲህ ያሉ ግሶችን ብቻ የሰበሰበ መዝገብ አሳተሙ። ዛሬ በእንግሊዝ የትወና ትምህርት ቤቶች የተማሪ ቦርሳ ውስጥ የማይጠፋ መጽሐፍ ሆኗል።

ሮያል ኮርት ለአማርኛ ቲያትር ባዕድ ስም አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ በዩኔስኮ የትምህርት ዕድል ለንደን ሮያል ኮርትንና ፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝን ተዘዋውሮ አጥንቷል። ተስፋዬ ገሠሠ አሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ተምሮ ተመልሷል። ከነሱም አስቀድሞ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። በሩ ከጥንትም ክፍት ነበር። እንዲያም ሆኖ «ይህ የፈረንጅ ዘዴ ነው፤ የኛ ሰው በስሜት ነው የሚጫወተው» የሚል ክርክር አሁንም ይሰማል።

ክርክሩ የራሳችንን ባለሙያዎች ካለማስተዋል የመጣ ይመስላል። በልቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደውን ሴት መመልከት ይበቃል። የሷ ሥራ ማልቀስ አይደለም፤ ማስለቀስ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ዓይኗን ታዞራለች። ገና ያልወጣለትን ዘመድ ትለያለች፤ የሟችን ደግነት፣ ፈረሱን፣ እርሻውን፣ ያሳደጋቸውን ልጆች እየጠራች ወደዚያ ሰው ትልካለች፤ ሰውየው ሲፈነዳ ትተወዋለች፣ ወደ ሌላዋ ትዞራለች። እያንዳንዱ ስንኟ አድራሻ አለው። ራሷ በእንባ ብትታጠብ ሥራዋ በተበላሸ ነበር። ፉካሪም እንዲሁ ነው። ጀግንነቱን የሚዘረዝረው ባዶ አየር ላይ አይደለም፤ ከፊቱ የተቀመጠ ሹም አለ፣ የሚፎካከረው ጓደኛ አለ፤ አንዱን ሽልማት ይጠይቃል፣ ሌላውን ይገዳደራል። በመድረኮቻችን የሚታየው ፉከራ ብዙ ጊዜ ጩኸት ብቻ ሆኖ የሚቀረው ተዋናዩ ማንን እንደሚገዳደር ሳይወስን ስለሚጀምር ነው።

«እሳት ወይ አበባ» ውስጥ የሚገኘው የጸጋዬ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በዚህ ረገድ ብዙ የተጎዳ ሥራ ነው። በትምህርት ቤት በዓላትና በመነባንብ ምሽቶች ስንት ጊዜ ቀርቧል። አብዛኛው አቅራቢ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ድምፁን ጣሪያ ላይ ይሰቅላል፤ ከዚያ በላይ መውጫ ስለሌለው እስከ መጨረሻው እዚያው ይንጠለጠላል። ግጥሙ ግን ሲከፈት አድራሻው ግልጽ ነው፤ አቡነ ጴጥሮስ የሚናገሩት ለእመ ብርሃን ነው። በጣልያን ጥይት ከመውደቃቸው በፊት ያለ ሰዓት ነው። አንድ ጳጳስ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለሷ የቆመ ሰው፣ በዚያች ሰዓት እመቤታችንን ምን እያደረጋት ነው? ይወቅሳታል? ይማጸናታል? ቃል ኪዳኗን ያስታውሳታል? ወይስ ሊሰናበታት ነው? የሚወቅስ ሰው ድምፅ ከሚማጸን ሰው ድምፅ ይለያል፤ ልጅ እናቱን ሲወቅስ ደግሞ ጨርሶ ላይጮኽ ይችላል። እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ የመለሰ ተዋናይ የጸጋዬን ከባድ ቃላት መሸከም አይከብደውም፤ እያንዳንዱ ቃል የሚሄድበት ቦታ አለውና።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሠራው ይህንኑ ነው። አድማጮች ስለ ትረካው ሲያወሩ ድምፁን ያነሣሉ፤ ለፊታውራሪ መሸሻ አንድ፣ ለጉዱ ካሣ ሌላ፣ ለሰብለ ወንጌል ሌላ። በርግጥ ድምፅ ይለውጣል። ድምፅ መለወጥ ግን ጎበዝ አስመሳይም ይችላል። ከወጋየሁ ጋር ሰው ሬዲዮኑን ከቦ እንዲቀመጥ ያደረገው እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በሚናገርበት ጊዜ ሌላውን የሚይዝበት መንገድ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ያዝዛል፣ ያዋርዳል። ጉዱ ካሣ ይነቅፋል፣ የተሸፈነውን ይገልጣል። በዛብህ ይማጸናል፣ ያፈገፍጋል። መልክ፣ ልብስ፣ እጅ፣ መብራት በሌለበት ሁሉን የተሸከመው ግስ ነው።

ለልምምድ ከቼኾቭ «ድቡ» የተሻለ ጽሑፍ አይገኝም፤ መንግሥቱ ለማም «ዳንዴው ጨቡዴ» ብሎ ወደ አማርኛ አምጥቶታል። በቼኾቭ ጽሑፍ ባለርስቱ ስሚርኖቭ ባሏ ከሞተባት ሰባት ወር የሆናትን ፖፖቫን ሟቹ በአጃ ግዢ የተበደረውን 1,200 ሩብል ሊጠይቅ ይመጣል። ለባንክ የሚከፍለው ወለድ ስላለበት ገንዘቡን ዛሬውኑ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ በሐዘን ልብሷ ተከልላ ልታሰናብተው ትፈልጋለች። አንድ ቤት፣ ሁለት የማይታረቁ ዓላማዎች። ከዚያ ክርክሩ ይሞቃል፣ ሽጉጥ ይመጣል፣ ለግጥሚያ ሲዘጋጁ ሰውየው ተኩስ እያስተማራት በፍቅር ይወድቃል። ደካማ ተዋናይ ከመጀመሪያው ጀምሮ መውደዱን ይጠቁማል። ጎበዙ እስከ መጨረሻው ገንዘቡን ይፈልጋል፤ ልቡ ሲከዳው ራሱም ይገረማል፤ ሳቁም ከዚያ ይመጣል።

በተውኔቱ መጀመሪያ ፖፖቫ ሟቹ ባሏ ይወደው ለነበረው ፈረስ ለቶቢ ተጨማሪ አጃ እንዲሰጠው ታዝዛለች። በመጨረሻ፣ ከስሚርኖቭ እቅፍ ውስጥ ሆና፣ ለቶቢ ዛሬ አጃ እንዳይሰጠው ትላለች። ስለ ፈረስ መኖ የተነገረ አንድ ትእዛዝ ነው። በዚያ ትእዛዝ ግን አንዲት ሴት ሰባት ወር ያለቀሰችለትን ባል ታሰናብታለች። ተዋናይዋ ይህን ካወቀች ምንም መጨመር አያስፈልጋትም፤ ካላወቀች ምንም ብትጨምር አይረዳትም።

አማርኛ ለእንዲህ ያለው ሥራ ሌላ ስለት አለው። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ፣ ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» መውጣት በራሱ ድርጊት ነው። ሚስት ባሏን በጠብ መሐል ድንገት «እርስዎ» ብትለው ከቤቷ አውጥታ እንግዳ አደረገችው ማለት ነው። ሼክስፒርን ወይም ኢብሰንን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሐምሌት እናቱን በየትኛው ጥሪ እንደሚያናግር ሲወስን ሳያውቀው ለተዋናዩ ግስ እየመረጠለት ነው። እንዲህ ያሉ ምርጫዎች በጠረጴዛ ንባብ ላይ ተነሥተው ውይይት ሊደረግባቸው ሲገባ ብዙ ጊዜ በቸልታ ይታለፋሉ።

ዘዴው ተቃዋሚ አላጣም፤ ተቃውሞው ደግሞ ከሰነፎች የመጣ አይደለም። ከቺክ ባይ ጃውል ቲያትር መሥራቾች አንዱ የሆነው ዴክላን ዶኔላን ተዋናይ ከራሱ ውጭ ያለውን ዒላማ ሳያይ ስለ ግስ ማሰቡ ጭንቅላቱ ውስጥ ያስቀረዋል ብሎ ያምናል። በኒው ዮርክ ኔበርሁድ ፕሌይሃውስ ለአሥርት ዓመታት ያስተማረው ሳንፎርድ ማይዝነርም ተማሪዎቹን አንድ ሐረግ ደጋግመው እንዲቀባበሉ ያደርግ የነበረው ቀድመው ያሰቡትን ጥለው ከፊታቸው ላለው ሰው እንዲመልሱ ነው። እውነት አላቸው። እርሳስ ይዞ የጻፈውን ግስ ባልደረባው ምንም ቢያደርግ ሳይለውጥ የሚፈጽም ተዋናይ ከሚያለቅሰው አይሻልም። ሮድ ስታይገር ስለዚያች የታክሲ ትዕይንት ለብዙ ዓመታት ቅር እያለው ይናገር ነበር፤ የብራንዶ ምስል ሲቀረጽ እሱ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ቃሉን ሰጥቶታል፣ የእሱ ፊት ለብቻው ሲቀረጽ ግን ብራንዶ ሄዷል፤ ቃሉን ያነበበለት ሌላ ሰው ነበር። ቅሬታው ከኩራት ብቻ የመጣ አይደለም። የሚገሥጹት፣ የሚያሳፍሩት፣ የሚማጸኑት ሰው ከፊት ሲነሣ ግሱ የሚያርፍበት ያጣል።

ስለዚህ ግሱን ለጉዞ መነሻ አድርጎ መያዝ ይሻላል። ተዋናዩ አባብዬው እገባለሁ ብሎ ይጀምራል፤ ባልደረባው ፊቱን ካዞረበት ማባበሉን ትቶ ያሳፍረዋል ወይም ያስቀዋል። ያን ለውጥ ማድረግ የሚችለው ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ሊያደርግ ይዞ የገባ ብቻ ነው። ባዶ እጁን የገባ ተዋናይ የሚለውጠው ነገር የለውም።

ከባዱ ተቃውሞ የጊዜ ነው። ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በጥድፊያ ይቀረጻል፤ ተዋናዩ ጽሑፉን ቀረጻው ቦታ ላይ የሚቀበልበት ቀን አለ፤ ለሳምንታት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጥ አይኖርም። የለንደኑን ሥርዓት እንዳለ ማምጣት አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። ካዛን ለአንድ ገጸ ባሕርይ አንድ ግስ በቅቶታል። አዘጋጁ ለትዕይንቱ፣ ካሜራው እስኪስተካከል ባለው ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል፦ ከሱ ምን ትፈልጋለህ፣ ለማግኘትስ ምን ታደርገዋለህ? መልሱ «አዝኛለሁ» ከሆነ እንደገና ይጠይቅ። ደራሲውም ቢሆን በቅንፍ ውስጥ «በቁጣ»፣ «እያለቀሰች»፣ «በመደነቅ» እያለ መጻፉን ቢቀንስ ተዋናዩን ከግማሽ እስራት ይፈታዋል።

ለውጡ መጀመር የሚገባው ግን ከተዋናይ ምርጫ ነው። ለፈተና የመጣን ወጣት እንባውን በትእዛዝ እንዲያፈስ መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው፤ በዚያ ፈተና የሚያልፈው ብዙ ጊዜ እንባው ቅርብ የሆነው ነው፣ የሚወድቀው ደግሞ ምናልባት የተሻለው ተዋናይ። በምትኩ አንድ ባልደረባ ፊት ለፊቱ ይቀመጥለትና አንድ ተራ ቃል ይሰጠው፤ «ቁጭ በል» የሚልም ቢሆን ይበቃል። መጀመሪያ እንዲያጽናናበት፣ ቀጥሎ እንዲያዋርድበት፣ ቀጥሎም እንዲያስቀርበት ይጠየቅ። መራጮቹ በዚያን ጊዜ ማየት ያለባቸው የተቀመጠውን ባልደረባ ነው፤ ሦስቱም ጊዜ አቀማመጡ ካልተለወጠ ተናጋሪው ገና አልጀመረም።